ነጩ አውራ እስኪገባ

ዶሮዎቻችንና አክስቴ አስካል የተቆለፈባቸው በአንድ ሰኞ፣ በአንድ ቁልፍ ነው። ዘመኑ 1988 ነበር፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። ቤታችን ጂንካ፣ ከአውሮፕላን ሜዳው ዳር ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን፣ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች ከደጃችን ቆመን እንቆጥራለን። የተቆለፈባቸው ከቤቱ ጀርባ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ መሃሏ በቀርከሃ የተከፈለ። በበሩ ሲገባ ያለው ግማሽ የዶሮዎቹ ነው። ከቀርከሃው ወዲያ ያለው፣ በቆሎ በጆንያ የሚቀመጥበት ግማሽ ደግሞ የአስካል ሆነ። መስኮት የለውም።

ዛሬ እንጀራዬ ዶሮ ነው። ከወረዳ ወረዳ እየዞርኩ፣ ገበሬ ሰብስቤ ስለ ዶሮ ማዳቀል አሠለጥናለሁ። ሥልጠናው ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ እሱ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ውሃ እጠጣለሁ። ሠልጣኞቹ ጉሮሮዋ ደርቆ ነው ብለው ያስባሉ።

አባቴ ደገፋ የግብርና ቴክኒሻን ነበር፤ ከጎፋ በኩል ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ። ሰው ሁሉ ስለ ከብት በሚያወራበት አገር እሱ የሚያወራው ስለ ዶሮ ነው። "የእኛ ዶሮ በሽታ ትችላለች፣ እንቁላል ግን የላትም። የፈረንጇ እንቁላል አላት፣ በሽታ ግን አትችልም። ሁለቱን ስታገናኛቸው ድቅሏ ከእናቷም ከአባቷም ትበልጣለች" ይላል። ይህን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረንም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እንኳ በር ላይ ሰው አቁሞ ያስረዳል።

ሰባት ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ነበሩን። እኔ የምወደው መላጢትን ነበር፤ አንገቷ ላይ ላባ የሌላት፣ እንግዳ ሁሉ አይቶ የሚስቅባት ዶሮ። አስካል የምትወደው ደግሞ ገብስማዋን ነው። አስካል የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እየተማረች ከእኛ ጋር የምትኖር። ዶሮ ስትታቀፍ እሷና እኔ እንወራረዳለን።

"ከገብስማዋና ከቀዩ አውራ ምን ይፈለፈላል?" ትለኛለች።

እኔ "ቀይ" እላለሁ። እሷ "ሁለት ገብስማ፣ ሁለት ቀይ፣ አንድ ደግሞ ማንንም የማይመስል" ትላለች። ሁልጊዜ ማንንም የማይመስለውን ታስገባለች፤ ሁልጊዜም ይወጣል። ለሥልጠና አዋሳ የተላከው አባቴ ነው፤ ዓይን የነበራት ግን እሷ ናት።

ነጩ አውራ ከአዋሳ የመጣው በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ ጎኑ በተበሳሳ ካርቶን ውስጥ ነው። እግሩ ቢጫ፣ ጉትዬው የእኔን መዳፍ የሚያክል። ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ አየው። አባቴ ግን ወዲያው ከዶሮዎቹ ጋር አልቀላቀለውም፤ በረንዳው ላይ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ከዚያ እኔንና አስካልን ጠርቶ በዕቃ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ እየጻፈ አስረዳን። የቀዩ አውራ ዘር በዶሮዎቹ ሆድ ውስጥ እስከ ሃያ አንድ ቀን ይቆያል። ያ ሳይወጣ ነጩን ብንለቅባቸው የሚፈለፈለው ጫጩት የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አውራ የሚባል ሳያዩ ሃያ አንድ ቀን ተዘግቶባቸው ይቆያሉ።

"በመሃል ሌላ አውራ ቢገባባቸውስ?" አልኩት።

"እንደገና ከአንድ ይጀመራል" አለ። "አንድ ደቂቃም ቢሆን።"

ቀዩ አውራ በማግስቱ ታረደ። እኔ አልበላሁም።

ዕቃ ቤቷን በቀርከሃ የከፈላት ታሪኩ የሚባል አናጢ ነው። የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ አምስት ቀን ፈጀበት። አስካል ውሃ ትወስድለታለች፣ ሚስማር ታቀብለዋለች፣ እሱ እያንዳንዱን ቀርከሃ ደጋግሞ ይለካል። ዘገምተኛ አናጢ መስሎኝ ነበር። ሲጨርስ ግን አባቴ ግድግዳውን በሁለት እጁ ይዞ ቢነቀንቀው ንቅንቅ አላለም። "ይህን ጅብም አይጥሰውም" ብሎ አመሰገነው። መሃሉ ላይ ትንሽ በር ነበረችው፤ የእንጨት መቀርቀሪያዋ በዶሮዎቹ በኩል ነው።

ዶሮዎቹ ከተዘጋባቸው ስድስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ዶሮዎቹን እየመገብኩ ሳለ እማዬ ከገበያ ገባች፤ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ አባዬን ወደ ጓዳ ጠራችው። እንዲህ ስትሆን የሚወራው ለልጅ ጆሮ የማይሆን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሮጬ ሄጄ ከጓዳው መስኮት ሥር ተቀመጥኩ።

"እናቱን አየኋት" አለች እማዬ። "ሸክላ ዘርግታ ተቀምጣለች። እሱ ደግሞ ከአህያ ያወርድላታል።"

"የማን እናት?"

"የአናጢው፤ የታሪኩ።"

"አስካል ይህን ታውቃለች?" አለ አባዬ።

"ታውቃለች እንጂ። ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ስትስማት ነው ያገኘኋት። 'እማማ' ነው የምትላት።"

ሸክላ መሸጥ ምን ነውር እንዳለው አልገባኝም። ወጣችን የሚሠራበት ድስት፣ ውሃችን የሚቀዘቅዝበት እንስራ የማን እጅ ሥራ ነበር? ዛሬ ገብቶኛል። አባቴ ባደገበት አገር ከሸክላ ሠሪ ቤት ድስት ይገዛል እንጂ ሰው አይጋባም፤ አብሮም አይበላም። ወንጌል ተቀብለን፣ ሁላችንም በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እየዘመርን እንኳ ይህች ነገር አልተነቀለችም ነበር። አባቴም በአፉ አይናገራትም፤ ያደርጋታል እንጂ።

እኔ መስኮቱ ሥር ስቀመጥ የዕቃ ቤቱን በር ክፍት ትቼው ኖሯል። የጎረቤታችን ጥቁር አውራ ገባ። አባዬ ከጓዳ ወጥቶ ሲያይ ጥቁሩ ገብስማዋ ላይ ነበር። ጆሮዬን ይዞ ከመሬት አነሳኝ። "ስድስት ቀን ገደል ገባ፤ በአንቺ ምክንያት" አለኝ። ያን ያህል ተቆጥቶኝ አያውቅም። ቁጣው በሙሉ የእኔ መስሎኝ ነበር፤ አብዛኛው የአስካል እንደነበር ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ሰኞ ቆጠራው ከአንድ ተጀመረ። ያን ቀን ጠዋት አስካል ደብተሯን ይዛ ስትወጣ አባዬ ክንዷን ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰዳት። በዶሮዎቹ መሃል አሳልፎ፣ በትንሿ በር አስገብቶ ቀረቀረባት። አልጮኸችም። "ጋሼ፣ ፈተና አለብኝ" ብቻ ነው ያለችው።

"አስኩ ለምን ተዘጋባት?" አልኳት እማዬን።

"ያ ሰውዬ ከልቧ እስኪወጣ ነው።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እኔ ምን አውቄ። ሂጂ ዶሮዎቹን መግቢ።"

እኔ ግን አወቅሁ። አውራ ለመውጣት ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አባዬ በጠመኔ ጽፎ አስረድቶናል። ለአስካል አዘንኩላት፤ ግን ደግሞ ተረጋጋሁ፣ ማለቂያ ያለው ነገር ነውና። ግድግዳው ላይ በከሰል ሁለት ረድፍ ጀመርኩ፤ አንዱ የዶሮዎቹ፣ አንዱ የአስካል። በየጠዋቱ ለሁለቱም አንዳንድ ጭረት እጨምራለሁ።

ቁልፉን የምትይዘው እማዬ ናት። ጠዋትና ማታ ትከፍትልኝና እሷ ግቢው ውስጥ ቆማ ስትጠብቅ ለዶሮዎቹ ጥሬ እበትናለሁ፣ የአስካልን ሳህን በትንሿ በር ሥር አሾልካለሁ። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ይንጣጣል። የኩሱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አስካልን ቅንቅን ወረራት፤ ክንዷን ስታክ ይሰማኛል። አየር ለማግኘት አፏን ከቀርከሃው ክፍተት ጋር ታገናኛለች፣ ከንፈሯ ብቻ ይታየኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ትዘምር ነበር። በሁለተኛው ጥያቄ ብቻ ሆነች።

"ትምህርት ቤት ስለ እኔ ምን አሉ?"

"አሟታል ተብሏል።"

"ምን አሞኝ?"

ላጫውታት ብዬ "መላጢትና ነጩ አውራ ምን ይወልዳሉ?" አልኳት። ከንፈሯ ከክፍተቱ ራቀ።

"እንጃ መሲ። መላጢትን ማን ጠየቃት?" አለች።

ከዚያ ወዲያ ያን ጨዋታ አልተጫወትንም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ንብረት አንድ እንግዳ ይዘው መጡ። ተስፋሁን ይባላል። ሃና ከተማ ላይ ሱቅ ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አርባን ያለፈ ሰው። በረንዳው ላይ ከነጩ አውራ ሣጥን አጠገብ ተቀመጠ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ከሃና እስከ ጂንካ በጭነት መኪና መጥቶ ሸሚዙ ላይ አንድ ጠብታ ጭቃ የለም። አቶ ንብረት ጸለዩ፣ አባዬ "አሜን" አለ፣ እማዬ "በሁለት ወር ውስጥ ቢሆን ይሻላል" አለች። ሰውየውንና አውራውን ጎን ለጎን አየሁና ነገሩ ሁሉ ልቤ ውስጥ ተገጣጠመ። ሃያ አንዱ ቀን ሲሞላ ነጩ አውራ ለዶሮዎቹ፣ ባለ ነጭ ሸሚዙ ለአስካል። ደስ ብሎኝ ሄጄ ነገርኳት።

"ምን ይመስላል?" አለችኝ።

"ንጹሕ ነው" አልኳት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ታሪኩ ከአውሮፕላን ሜዳው አጥር ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ መጋዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟል። ወይጦ እርሻ ካምፕ ሥራ ማግኘቱን ነገረኝ። "ለአስካል እንዲህ በያት" አለኝ። "ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት የጭነት መኪናው ከዚህ ይነሳል። የሁለት ሰው ቦታ ይዣለሁ። ካልመጣች ፈቃዷ አይደለም ብዬ እሄዳለሁ፤ ከዚያ አላስቸግራትም።" ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። አንድም ቃል አልሳትኩም። ያን ዕለት ማታ እማዬ በሩ ላይ ስለቆመች ለአስካል መናገር አልቻልኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ፊልድ ወጣ። እማዬ ደግሞ ወደ ገበያ ስትሄድ ቁልፉን በክር አድርጋ አንገቴ ላይ አሰረችው። "አንቺ እንደሁ ከእንግዲህ በር ክፍት አትተዪም" አለችኝ። ኮራሁ። ገብቼ በሩን ከውስጥ ዘጋሁ፣ ጥሬ በተንኩ፣ ጭረቴን ጨመርኩ። ሃያ። ከዚያ የታሪኩን መልእክት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት።

አስካል ከጆንያው ላይ ስትነሳ ዶሮዎቹ ደንግጠው ተንጫጩ።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ሁለት ተኩል አልፏል።"

"መሲዬ፣ መቀርቀሪያውን ሳቢልኝ።"

"ነገ" አልኳት።

"የምን ነገ?"

"ዛሬ ሃያኛው ቀን ነው። ነገ ሃያ አንድ ይሞላልሻል፤ እኔው ራሴ እከፍትልሻለሁ። አሁን ታሪኩን ካየሽው ግን እንደገና ከአንድ ይጀመርብሻል። አንድ ደቂቃም ቢሆን።"

አስካል ወደ ክፍተቱ ተጠግታ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለት ረድፍ ጭረቶች አየች።

"ከዶሮዎቹ ጋር ነው የቆጠርሽኝ?" አለች።

"አንድ ቀን እኮ ነው የቀረሽ።"

ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ተለውጦ ልቅሶ ሆነ። ለመነችኝ። "እኔ ዶሮ አይደለሁም፣ ሰው ነኝ፣ ሰው ላይ አይቆጠርም" አለችኝ። ገብስማዋን ልስጥሽ አለችኝ። እኔም አለቀስኩ፤ መቀርቀሪያውን ግን አልነካሁም። ጨካኝ ልጅ አልነበርኩም። ሃያ ቀን ሙሉ በዚያ ሙቀት ስትቃጠል ያየኋት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሃያ አንድ ቀን እንድትጨምር አልፈለግሁም። በር ክፍት ትቼ የዶሮዎቹን ቆጠራ ያበላሸሁት እኔ፣ የእሷንም እንዳላበላሽ ፈራሁ። ያዳንኳት መስሎኝ ነው።

ከዚያ ግድግዳውን መግፋት ጀመረች። በትከሻዋ፣ በእግሯ፣ በጥፍሯ። ታሪኩ ግን ሥራውን አሳምሮ ነበር የሠራው። በቀርከሃዎቹ መሃል ጣቶቿ ወጡ፤ ደምተዋል። መቀርቀሪያው ላይ ለመድረስ አንድ ስንዝር ይቀራቸው ነበር። ያችን ስንዝር ሲሠራ የለካት እሱ ራሱ ነው። እጄን ዘርግቼ ጣቶቿን ያዝኩላት። እሷም አጥብቃ ያዘችኝ፣ ወደ መቀርቀሪያው ልትጎትተኝ ሞከረች፤ እጄን አስለቀቅሁ።

ከሜዳው በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። አንዴ። ቆይቶ ሁለቴ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም የለም፤ ከዚያ ሞተሩ እየራቀ ሄደ። ጣቶቿ ተመልሰው ገቡ።

"ሂጂ መሲ" አለች። "ስትወጪ ቆልፊው።"

ቆለፍኩት።

እሑድ ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን ከመልበሳችን በፊት አባዬ ነጩን አውራ ከሣጥኑ አውጥቶ በብብቱ ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባና ለቀቀው። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ "ጎበዝ፣ በደንብ ቆጥረሻል" አለኝና ሊለብስ ሄደ። እኔም መቀርቀሪያውን ሳብኩ። ትንሿ በር ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተች።

"ሞላልሽ አስኩ፤ ነይ ውጪ" አልኳት።

ጆንያው ላይ ተቀምጣለች። ጣቶቿን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላለች።

"በሩ ክፍት ነው" አልኳት፣ ያላየችው መስሎኝ።

"አየሁት።"

አልተነሳችም። አባዬ ቆይቶ ተመልሶ በሩ ተከፍቶ እሷም እዚያው ተቀምጣ ሲያገኛት፣ አይቷት ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲያ ማንም አልቆለፈባትም፤ አያስፈልግም ነበር። ፈተናው አልፏታል። ታሪኩ ወይጦ ሁለት ዓመት ሠርቶ ወደ አርባ ምንጭ ሄደ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የሰማሁት የለም።

ሠርጉ የነጩ አውራ ጫጩቶች ገና ላባ ሲያወጡ ደረሰ። አባቴ ስድስቱን በቅርጫት አድርጎ ለአስካል ሰጣት፣ ከዚያም ወደ እንግዶቹ ዞሮ ድቅል ከእናቷም ከአባቷም እንደምትበልጥ አስረዳ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከጫጩቶቹ አንዷ ነጭ ሆና አንገቷ መላጣ ነበር። መኪናው ወደ ሃና ሲነሳ አስካል ቅርጫቱን ጭኗ ላይ ይዛ ክዳኑን ከፍታ ነበር፤ ጫጩቶቹ አንገታቸውን አውጥተው ያዩናል።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ኮሌጅ ሳለሁ ነው። መምህሩ ስለ ማዳቀል ሲያስተምር ጥቁር ሰሌዳው ላይ 21 ብሎ ጻፈ። እስኪርቢቶዬን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሽንት ቤት ገብቼ ቀረቀርኩና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ቆየሁ። ያን ቀን የገባሁበት አፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም። አባቴ ሳልነግረው ሞተ። ብነግረውም ምን እንደሚል አላውቅም፤ ምናልባት የሚገርመው ቆጠራዬን አለመሳሳቴ ነበር።

አምና በዶሮ ክትባት ሥራ ሃና ሄድኩ። ተስፋሁን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሱቁን አስካል ነው የምትይዘው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እንዲያውም ደህና ነበር ትላለች፤ ስለ ሌላ ሰው ባል የምታወራ ይመስላል። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ቆማ ነው የምታወራው። ግቢዋ ዶሮ በዶሮ ነው። ገብስማ፣ ቀይ፣ ነጭ፣ ማንንም የማይመስሉ፤ መላጣ አንገትም አይቻለሁ። ቤት ግን የላቸውም። ከጓሮ ያለው ዛፍ ላይ ነው የሚያድሩት።

"ሸለመጥማጥ ይጨርስብሻል" አልኳት፣ እንደ ባለሙያ።

"ይበላል። ባለፈው ሳምንት ሁለት በላብኝ።"

"ታዲያ ቤት ይሠራላቸው። አናጢ እኔ እፈልግልሻለሁ።"

"አልፈልግም" አለች።

ክትባቱን ጨርሰን ዕቃዬን ሰበሰብኩ። መኪናው ውጭ ይጠብቀኛል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በልቅሶውም በሠርጉም ተገናኝተን አንድም ቀን ያላነሳነውን ነገር ያኔ አነሳሁት።

"አስኩ፣ ያን ቅዳሜ..."

"ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር" አለች፣ ሳታስጨርሰኝ።

በሳህን የያዘችውን በቆሎ ለዶሮዎቹ መበተን ጀመረች። ጣቶቿን አየሁ። የቀኝ እጇ ሁለት ጥፍሮች ጠማማ ሆነው ነው ያደጉት።

"አሁንም ሃያ አንድ ቀን ነው የምታስተምሪያቸው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። "ሃያ አንድ ቀን።"

የቀረውን በቆሎ በአንዴ ደፋችላቸው።

"ለዶሮ ልክ ነው" አለች።